ሊብሬው 1999፣ ሻጩ 2007፤ የቱ ነው ልክ?

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ መኪና ሲገዛ ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል። «የተመረተበትን ዓመት ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) 1999 ይላል፣ ሻጩ 2007 ነው ይላል፣ ተሸወድኩ እንዴ?» አብሽሩ። አንዱ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጆቹ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ 7 ወይም 8 ዓመት ከሆነ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

የአንድ ዓመት ልዩነት ሌላ ነገር ነው። የተመረተበት ዓመትና የሞዴል ዓመት ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። በ2006 መጨረሻ ከፋብሪካ የወጣ መኪና «የ2007 ሞዴል» ተብሎ ሊሸጥ ይችላል። ከጃፓን የመጣ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ያለው እዚያ መጀመሪያ የተመዘገበበት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ይሄ እንግዲህ እንደ መጣበት አገር ይለያያል።

መለያየት የሌለበት የመኪናው መለያ የሆነው የሻንሲ ቁጥሩ ነው። ብረቱ ላይ የተመታውን ከሊብሬውና ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ (መኪናው አገር ሲገባ ከተሞላው የጉምሩክ ወረቀት) ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። እኔ ባለፈው የአንዱን መኪና ኮፈን ከፍቼ አቧራውን በጨርቅ ስጠርግ፣ ብረቱ ላይ ዜሮ፣ ሊብሬው ላይ «ኦ» ሆኖ አገኘሁት። ባለ 17 አሃዝ ሻንሲ ውስጥ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት አይገቡም። ስለዚህ የተሳሳተው ጸሐፊው ነው። ቢሆንም ስም ከመዞሩ በፊት ሻጩ ራሱ ያሳርመው። ከዞረ በኋላ መመላለሱ የናንተ ነው።

ቁጥሩ የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ ከመሰለ ግን የጽሕፈት ስህተት ነው ብላችሁ አትለፉት። ቀብድም አትክፈሉ።