ስኳር ያለበት ሰው እንቁላል ይብላ? የሚወራው እና እውነታው

እናቴ የስኳር ሕመም እንዳለባት የተነገራት ሰሞን ጎረቤቱ ሁሉ ሊጠይቃት መጣ። አንዷ "እንቁላል እንዳትነኪ" አለቻት። ሌላዋ "አስኳሉን ጥለሽ ነጩን ብቻ ብዪ" አለች። ሦስተኛዋ ደግሞ "ጥሬውን በባዶ ሆድ ጠጪው፣ ስኳርን ያጠፋል" ብላ መከረቻት። ሁሉም በፍቅር ነው የተናገሩት። እናቴ ግን ግራ ገባትና እንቁላሉን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ለወራት ቁርሷ ዳቦ በሻይ ሆነ። ስኳሯም አልወርድ አለ።

ይህ ወሬ በየቤቱ ስላለ አንድ በአንድ ላንሳው። የምናገረው በአብዛኛው ስለ ዓይነት 2 ስኳር፣ ማለትም አዋቂዎች ላይ ስለሚበዛው ዓይነት ነው።

"እንቁላል ስኳር ከፍ ያደርጋል"

የደም ስኳርን በዋናነት ከፍ የሚያደርገው ካርቦሃይድሬት ነው። ዳቦ፣ እንጀራ፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ጣፋጭ ማለት ነው። አንድ ትልቅ እንቁላል ውስጥ ያለው ካርቦሃይድሬት 1 ግራም እንኳ አይሞላም። 6 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ 5 ግራም ያህል ስብ አለው። ካሎሪው 70 እና ከዚያ ትንሽ በለጥ ያለ ነው። ፕሮቲኑ ሆድ ይይዛል፣ ከረፋዱ ላይ ብስኩት ከመፈለግም ያድናል።

ታዲያ እንቁላል ከበሉ በኋላ ሲለኩ ስኳራቸው የሚያሻቅብ ሰዎች ለምን አሉ? አብሮ የቀረበውን እንይ። እንቁላል ፍርፍር በሁለት ዳቦ፣ ከዚያ ሻይ። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ብቻውን 12 ግራም ገደማ ነው። ዳቦው ከዚያ በላይ ይጨምራል። ስሙ የሚጠፋው ግን የእንቁላሉ ነው።

መጥበሻውም መታየት አለበት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ከእንቁላሉ ይበልጣል። ብዙ ቤት ደግሞ የሚጠበሰው በቅቤ ወይም በረጋ ዘይት ነው። እነዚህ ጎጂውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው የስብ ዓይነት ይበዛባቸዋል። ቅቅል ይሻላል። መጥበስ ካስፈለገም ጥቂት ፈሳሽ ዘይት፣ ብዙ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ይግባበት።

"አስኳሉ መጣል አለበት"

አንድ አስኳል 186 ሚሊግራም ገደማ ኮሌስትሮል አለው። አሜሪካኖች ለዓመታት "በቀን ከ300 ሚሊግራም አትለፉ" ሲባሉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. ለ2015–2020 በወጣው የአመጋገብ መመሪያቸው ግን ይህ ቁጥር ቀረ። አብዛኛውን የደም ኮሌስትሮል የሚሠራው ጉበታችን ነውና። ለብዙ ሰው ከሚበላው ኮሌስትሮል ይልቅ እንደ ቅቤና የረጋ ዘይት ያለ ጠጣር ስብ የበለጠ ያባብሰዋል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የአውስትራሊያው ሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት አለ። ተሳታፊዎቹ ዓይነት 2 ስኳር ያለባቸው ወይም ወደዚያ የተቃረቡ ሰዎች ነበሩ። ግማሾቹ ለ3 ወር በሳምንት 12 እንቁላል በሉ፤ ሌሎቹ ከ2 ያነሰ። በኮሌስትሮላቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ልብ በሉ፣ ሁለቱም ወገኖች ቅቤን በጤናማ ዘይት እንዲተኩ ተመክረው ነበር።

አስኳሉን መጣል ደግሞ ቫይታሚን ዲውንና ኮሊን የሚባለውን ለአንጎልና ለጉበት የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር አብሮ መጣል ነው።

"እንግዲያው እንደ ልብ መብላት ይቻላል"

ይህም ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ የአሜሪካው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በጤነኞች ዘንድ በቀን አንድ እንቁላል ከልብ ሕመም ጋር ግንኙነት አላሳየም። ስኳር ባለባቸው ላይ ግን ብዙ እንቁላል ከልብ ሕመም ጋር አብሮ ታይቷል። እንዲህ ያለ ጥናት ምክንያቱ እንቁላሉ ይሁን ሌላ ነገር አይለይም፤ ቢሆንም ችላ ማለት አልፈልግም። የእናቴ ሐኪም በቀን አንድ ፈቅዶላታል፣ እኔም ልኩ ይህ ይመስለኛል። ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለ፣ ልቡን ወይም ኩላሊቱን የታመመ ሰው መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይወስን።

"የሐበሻ እንቁላል ለስኳር ይሻላል"

ጣዕሙን እኔም እወዳለሁ። ለደም ስኳር ግን ለውጥ የለውም። የአስኳሉ ቢጫነት ከዶሮዋ መኖ፣ የቅርፊቱ ቀለም ከዝርያዋ ነው።

"ጥሬውን መጠጣት መድኃኒት ነው"

ስኳርን የሚያጠፋ እንቁላል የለም። ጥሬው ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል፣ ስኳር ያለበትን ሰው ደግሞ ኢንፌክሽን ይበረታበታል። ፕሮቲኑም ቢሆን ሲበስል ነው በደንብ የሚፈጨው።

"ስኳር ሲወርድ እንቁላል ይሰጠው"

ይኼኛው አስደንግጦኛል። እናቴ ኢንሱሊን የጀመረች ሰሞን ዳቦውን ትታ መርፌዋን በዱሮው መጠን ወግታ እንቁላል ብቻ በላች። ከዚያ ላብ አጠመቃት፣ እጇ ተንቀጠቀጠ። እህቴ ሌላ እንቁላል ልትጠብስላት ወደ ማድቤት ሮጠች። እንቁላል ግን የወረደ ስኳርን ቶሎ አያነሳም። ስኳሩ በመለኪያው ከ70 ሚ.ግ./ዴሲ ሊትር በታች ከወረደ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ መስጠት ነው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለካ፤ ካልተነሳ ይደገም። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይሰጠው፣ ወዲያው ሐኪም ቤት ይወሰድ። ዳቦ የቀነሰ ሰውም የኢንሱሊኑን መጠን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።