ሪሴፕተር ቀነሰ የሚባለው ሁሉ አልቀነሰም

"የተያዘው ሊጋንድ ቀንሷል፤ ስለዚህ ሪሴፕተሩ ቀንሷል።" ይህን አባባል በየመመረቂያ ጽሑፉ ማንበብ ሰልችቶኛል።

ሥራውን ለማያውቅ፦ ሪሴፕተር በሴል ሽፋን ላይ ያለ፣ መድኃኒት ወይም የሰውነት ኬሚካል የሚጣበቅበት ፕሮቲን ነው። እሱን ለመለካት የአይጥ አንጎል ይፈጫል፤ የሴል ሽፋኑ ይለያል፤ ከሪሴፕተሩ ጋር የሚጣበቅ ሬዲዮአክቲቭ መድኃኒት፣ ማለትም ሊጋንድ፣ ይጨመርበታል። ከዚያ ይጣራና ማጣሪያው ላይ የቀረው ጨረር ይቆጠራል። ካንዴስ ፐርት እና ሰለሞን ስናይደር በ1973 እ.ኤ.አ. የኦፒየት (የሞርፊንና መሰሎቹ) ሪሴፕተርን በአንጎል ውስጥ ያሳዩት በዚሁ ዘዴ ነው።

የምትቆጥሩት ሪሴፕተሩን ሳይሆን የተያዘውን ሊጋንድ ነው። እሱን ሁለት ነገር ይወስነዋል። አንዱ የሪሴፕተሩ ብዛት ነው፤ ቢ-ማክስ እንለዋለን። ሌላው የአያያዙ ጥብቀት ነው፤ የሚለካው በኬ-ዲ ሲሆን ግማሹ ሪሴፕተር እንዲያዝ የሚበቃው የሊጋንድ መጠን ማለት ነው። ኬ-ዲ ከፍ ካለ አያያዙ ላልቷል። በአንድ የሊጋንድ መጠን ብቻ ለክታችሁ ሁለቱን መለየት አትችሉም፤ አበቃ።

አንድ የማስተርስ ተማሪ ለሳምንታት ሃሎፔሪዶል የተባለው የስኪዞፍሬኒያ መድኃኒት የተሰጣቸውን አይጦች ለክቶ "መድኃኒቱ ዲ2 የተባለውን የዶፓሚን ሪሴፕተር አጠፋው" እያለ ደስ ብሎት መጣ። ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀው ግን ተቃራኒው ነው፦ መድኃኒቱ ሲደጋገም በአይጥ ስትራያተም (የአንጎል ውስጠኛ ክፍል) ውስጥ ሪሴፕተሩ ይጨምራል። ሃሎፔሪዶሉ ከቲሹው ስላልታጠበ ሪሴፕተሩን ይዞ ሊጋንዱን ከልክሎት ነበር። ታክሲው ስለሞላ ወንበር የለውም ይባላል እንዴ?

በቁጥር እንየው። 100 ሪሴፕተር አለ፤ ኬ-ዲ 1 ናኖሞላር (የሊጋንድ መጠን መለኪያ)፣ ሊጋንዱም 1 ናኖሞላር ነው እንበል። 50 ይያዛል። አሁን ሪሴፕተሩ 120 ይሁን፤ የቀረው መድኃኒት ግን ኬ-ዲውን ወደ 3 ይግፋው። የሚያዘው 30 ብቻ ነው። በ20 በመቶ የጨመረው በ40 በመቶ ቀነሰ ተብሎ ይጻፋል!

ስለዚህ ከኬ-ዲ አንድ አሥረኛ እስከ አሥር እጥፍ ድረስ ቢያንስ ስድስት የሊጋንድ መጠን ተጠቀሙ። ሽፋኑን ደጋግማችሁ እጠቡ። ከተቻለ መድኃኒቱን ከልኬቱ ጥቂት ቀናት በፊት አቁሙ። ፕሮቲኑን ለኩ፤ ያለ እሱ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። ስኪዞፍሬኒያ የነበረባቸው ሰዎች አንጎል ከሞት በኋላ ሲለካ ዲ2 ጨምሮ መገኘቱ ለዓመታት ያከራከረውም በመድኃኒት የተነሳ ነው፤ አብዛኞቹ ሲወስዱ ኖረዋል።

ደጋግሜ የምሰማቸው ሌሎች ስሕተቶችም አሉ።

"ማጣሪያው ላይ የቀረው ሁሉ የሪሴፕተር ነው።" ሊጋንድ ከስብም ከማጣሪያውም ጋር ይጣበቃል። ሬዲዮአክቲቭ ያልሆነ መድኃኒት በብዛት የገባበት ቱቦ ለየመጠኑ አዘጋጁና የእሱን ቆጠራ ከጠቅላላው ቀንሱ።

"ስፓይፐሮን የያዘው ዲ2 ነው።" ይህ ሊጋንድ ሴሮቶኒን 2ኤ የተባለውን ሪሴፕተርም ይይዛል። በተለይ ኮርቴክስ (የአንጎል ውጫዊ ክፍል) ላይ ይህኛውን ሪሴፕተር በሚይዘው በኬታንሰሪን ሸፍኑት።

"ኤምአርኤንኤ ከለካሁ ይበቃል።" አይበቃም። ኤምአርኤንኤው፣ ማለትም ሪሴፕተሩ የሚሠራበት የዘረመል መልእክት፣ በብዛት የሚገኘው የነርቭ ሴሉ አካል ውስጥ ነው፤ ሪሴፕተሩ በነርቭ ክሩ ተጉዞ ሌላ የአንጎል ክፍል ሊደርስ ይችላል።

"ትሪቲየም አጠገቡ የቆመን ሰው ይጎዳል።" ሊጋንዱን ሬዲዮአክቲቭ የሚያደርገው የዚህ ሃይድሮጅን ቤታ ጨረር ቆዳ አያልፍም። የሚያስፈራው ወደ ሰውነት ሲገባ ነው። ጋይገር ቆጣሪም አያየውም፤ ጠረጴዛውን በወረቀት ጠርጋችሁ ወረቀቱን በሲንቲሌሽን ቆጣሪ አስቆጥሩት። አዮዲን-125 ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጋማ ይለቃል፣ ወደ ሰውነት ከገባም ታይሮይድ ዕጢ ውስጥ ይከማቻል። ያለ እርሳስ ከለላ አትሥሩበት።