የሌበር ዴይ ግሪል፦ ስለ ጤናማ ምግብ የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአሜሪካ የሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ ሌበር ዴይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 የፌዴራል በዓል ሆኖ ሲደነገግ ለሠራተኛው ክብር ታስቦ ነበር። ዛሬ ለብዙ ቤተሰብ የሰመር መሰናበቻም ሆኗል። ሦስት ተከታታይ የእረፍት ቀን አለ፤ አየሩ ገና ሞቃት ነው፤ ዘመድ ወዳጅ ይሰበሰባል፤ ጓሮ ወይም ፓርክ ውስጥ ግሪል ይቀጣጠላል።

«ዘንድሮስ ትንሽ ጤናማ ነገር እናቅርብ» የተባለ እንደሆነ ታዲያ ምክሩ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። አንዱ ስጋ ይቅር ይላል። ሌላው በቱርክ ዶሮ ስጋ ይተካ ይላል። ሌላዋ ደግሞ ማዮኔዝ ያለበትን ነገር አታስጠጉ ትላለች። የሚያሳዝነው፣ ብዙ ሰው የማያስፈራውን ፈርቶ ሊጠነቀቅለት የሚገባውን ዝም ብሎ ያልፈዋል። በእኔ እምነት በእንዲህ ያለ ቀን ዋናው ጉዳይ የእሳቱ አያያዝ፣ ምግቡ ውጭ የሚቆይበት ሰዓት እና ከስጋው ጎን የሚቀርበው ነገር ነው። እስቲ የሚባለውን አንድ በአንድ እንየው።

«ግሪል ላይ የተጠበሰ ስጋ ካንሰር ያመጣል፤ ጨርሶ ይቅር»

ስጋቱ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ስጋ ከ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለትም ከ300 ፋራናይት ገደማ በላይ በሆነ ሙቀት ሲበስል በውስጡ ያሉት አሚኖ አሲዶች፣ ስኳርና ክሬአቲን ተዋህደው ሄትሮሳይክሊክ አሚን የሚባሉ ውህዶች ይፈጠራሉ። ሌላው ምንጭ ጭሱ ነው። ስቡ ፍሙ ላይ ሲንጠባጠብ ነበልባሉ ቦግ ይላል። ያ ጭስ ፒኤኤች የሚባሉ ሌሎች ውህዶችን ይዞ ወጥቶ ስጋው ላይ ያርፋል። ሁለቱም በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ በከፍተኛ መጠን ሲሰጡ ካንሰር አስከትለዋል። በሰው ላይ ግን የተጠበሰ ስጋ በመብላት የሚገኘው መጠን ካንሰር እንደሚያመጣ በጥናት ቁርጥ ያለ ማረጋገጫ አልተገኘም።

ስለዚህ መፍትሔው ግሪሉን መጣል አይደለም። ውህዶቹን መቀነስ ይቻላል፤ መንገዱም ከባድ አይደለም።

ከሰሉን በሙሉ ግሪሉ ላይ አትበትኑት፤ ወደ አንድ ጎን ሰብስቡት። ያኔ ኃይለኛ እሳት ያለበት ጎንና ለስለስ ያለ ሙቀት ያለበት ጎን ይኖራችኋል። ስጋውን ለስለስ ባለው በኩል አብስላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ወደ ፍሙ አምጥታችሁ መልክ ታስይዙታላችሁ። የጋዝ ግሪል ከሆነ አንዱን ማንደጃ ማጥፋት ነው። ነበልባል ቦግ ሲል እሳቱ እስኪበርድ ስጋውን ወደ ሌላው ጎን መግፋት እንጂ እዚያው እንዲለበለብ መተው አያስፈልግም። ስጋውን ቶሎ ቶሎ ማገላበጥም ይረዳል። «አንዴ ብቻ ነው የሚገለበጠው» የሚሉ አሉ፤ ከጤና አንጻር ደጋግሞ መገልበጡ ነው የሚሻለው፣ ምክንያቱም አንዱ ገጽ ረጅም ጊዜ በኃይለኛ ሙቀት ላይ አይቆይም።

ስጋውን ቀድሞ በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል፣ ማለትም በሮዝመሪ፣ ዘፍዝፎ ማቆየት ውህዶቹን እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል። ጣዕሙንም ታውቁታላችሁ። ብቻ ጥሬ ስጋ የተዘፈዘፈበትን ፈሳሽ ሳታፈሉ በበሰለው ላይ እንዳትደፉት። ጥቁር ሆኖ ያረረው ክፍል ካለ ደግሞ ቆርጦ መጣል ነው።

«አትክልትስ ሲጠበስ ያው አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ሄትሮሳይክሊክ አሚን እንዲፈጠር ክሬአቲን ያስፈልጋል፤ ክሬአቲን ያለው ጡንቻ ውስጥ ነው። ዝኩኒ፣ የፈረንጅ ቃሪያ፣ ደበርጃን፣ እንጉዳይና ቀይ ሽንኩርት ከዚህ ጉዳይ ነጻ ናቸው። የወይራ ዘይት ቀባ፣ ጨው ነስነስ አድርጎ መጥበስ ነው። ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ እነዚህ ሁሉ በየገበያው ሞልተዋል። እንዲያውም ግሪሉን በአትክልት መጀመር ጥሩ ነው። እንግዳው ሲደርስ ርቦት ነው የሚመጣው፤ መጀመሪያ ያገኘውን ይበላል።

«የቱርክ በርገር ሁልጊዜ ከበሬ በርገር ይሻላል»

የሚወስነው መለያው ላይ የተጻፈው የስብ መጠን ነው። 85 በመቶው ስብ የሌለው ስጋ ነው የተባለ የተፈጨ ቱርክ 15 በመቶ ስብ አለው። 93 በመቶ የሚል የበሬ ስጋ ደግሞ 7 በመቶ ብቻ ነው ያለው። በሁለቱ መካከል ከተመረጠ ስብ በመቀነስ ረገድ በሬው ይሻላል ማለት ነው። ቱርክ ከመረጣችሁ ከደረቱ ብቻ የተፈጨውን ፈልጉ፤ ያለዚያ ቆዳና ጥቁር ስጋው አብሮ ሊፈጭ ይችላል። ቅባት ያነሰው በርገር ይደርቅባችኋል ብላችሁ ከሰጋችሁ፣ ደቀቅ ብሎ የተከተፈ እንጉዳይ ወይም ሽንኩርት ከተፈጨው ስጋ ጋር አዋህዱት። ወዙን ይጠብቃል፣ የስጋውንም መጠን ይቀንሳል።

ከዕፅዋት የሚሠራው በርገርም መለያው ይነበብ። ጨው ያልገባበት 113 ግራም ጥሬ የበሬ ስጋ ከ100 ሚሊ ግራም ያነሰ ሶዲየም ነው ያለው። ስጋ እንዲመስሉ ተደርገው የተሠሩት ብዙዎቹ የዕፅዋት በርገሮች ግን ከ300 ሚሊ ግራም በላይ አላቸው። መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ስጋ ለማይበላ እንግዳ ትልቅ ነገር ናቸው። ግን «ዕፅዋት ስለሆነ ቀላል ነው» ብሎ ላዩ ላይ ተጨማሪ ጨው መነስነስ ልክ አይደለም። የደም ግፊት ያለበት ሰው በማዕዱ ላይ ካለ ይህ ቀልድ አይደለም።

«ናይትሬት ያልተጨመረበት ሆት ዶግ ለልጆች ይሆናል»

ይህ ብዙ ወላጅ የሚሸወድበት ነው። ናይትሬት ስጋው እንዳይበላሽ የሚጨመር የጨው ዓይነት ነው። እንዲህ የሚል መለያ ያለባቸው አብዛኞቹ ሆት ዶጎች ሰለሪ የሚባለው አትክልት ዱቄት ወይም ጭማቂ ገብቶባቸዋል። ሰለሪ በተፈጥሮው ናይትሬት የበዛበት ነው። በዝግጅቱ ሂደት ናይትሬቱ ወደ ናይትራይት ይቀየርና ስጋው ላይ የሚሠራው ሥራ ያው ይሆናል። ፓኬቱን ገልብጣችሁ ብታዩት «በሰለሪ ውስጥ በተፈጥሮ ከሚገኘው በስተቀር» የሚል ጽሑፍ በትንንሽ ፊደል ታገኛላችሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 የተቀነባበረ ስጋን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በተረጋገጠው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ሆት ዶግም ከዚያው ነው። ሲጋራም እዚሁ ምድብ ስላለ «ሆት ዶግ እንደ ሲጋራ ይገድላል» የሚል ወሬ ተነዛ። ይህም ስህተት ነው። ምድቡ የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ነው፤ የአደጋውን መጠን አይለካም። ተቋሙ ያለው፣ በየቀኑ 50 ግራም የተቀነባበረ ስጋ መብላት የአንጀት ካንሰር አጋጣሚን ወደ 18 በመቶ ያህል ይጨምራል ነው። 50 ግራም አንድ ሆት ዶግ ገደማ ነው። ቁም ነገሩ «በየቀኑ» የምትለዋ ላይ ነው። በዓመት አንድ ሁለት ቀን ልጅን ሆት ዶግ ከልክሎ ማስለቀስ አያስፈልግም። በየሳምንቱ የምሳ ዕቃ ውስጥ እየከተቱ ለሌበር ዴይ «ተፈጥሯዊ» የሚለውን ውድ ፓኬት መግዛት ግን ዋናውን መሳት ነው።

«የድንች ሰላጣ የሚበላሸው በማዮኔዝ ምክንያት ነው»

የፋብሪካ ማዮኔዝ የሚሠራው ጀርሙ በሙቀት ከተገደለ እንቁላል ነው። አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ስላለበትም አሲዳማ ነው። ባክቴሪያ በእንዲህ ያለ ቦታ አይመቸውም። ሰው የሚያሳምመው አብዛኛውን ጊዜ ማዮኔዙ ሳይሆን ድንቹ፣ እንቁላሉ ወይም ዶሮው ነው። ተቀቅሎ፣ በእጅ ተልጦ፣ ተከትፎ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ የተቀመጠው ማለት ነው። በጥሬ እንቁላል ቤት የሚመታ ማዮኔዝ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ቀን ባይሠራ ይሻላል።

ይህን ስህተት በደንብ ማፍረስ የምፈልገው በምክንያት ነው። ማዮኔዝን የፈራ ሰው ድንቹን በዘይትና በአቼቶ ለውሶ፣ «አሁን ችግር የለም» ብሎ ከሰዓቱን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ይተወዋል። ባክቴሪያ ከ40 እስከ 140 ፋራናይት ባለው ሙቀት ውስጥ እጅግ ፈጥኖ ይራባል፤ በ20 ደቂቃ ውስጥ በእጥፍ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ መበላሸት የሚችል ምግብ ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። አየሩ ከ90 ፋራናይት፣ ማለትም ከ32 ሴንቲግሬድ በላይ ከሆነ ደግሞ 1 ሰዓት ብቻ ነው። በሌበር ዴይ ብዙ ቦታ ይህን ያህል ይሞቃል።

የምታደርጉት ቀላል ነው። ሰላጣውን በሁለት ሳህን ክፈሉት። አንዱን በረዶ የሞላ ሰፊ ሳህን ላይ አስቀምጣችሁ አቅርቡ። ሌላው ማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ ይቆይ። የመጀመሪያው ሲያልቅ ሁለተኛው ይወጣል። ቀሪውን አዲሱ ላይ አትገልብጡት።

ካሎሪ ለመቀነስ ማዮኔዙን በዘይት መተካትም ብዙ አያተርፍም። የወይራ ዘይት ለልብ ጥሩ ቢሆንም በሾርባ ማንኪያ ወደ 120 ካሎሪ አለው፤ ከማዮኔዝ አያንስም። የማዮኔዙን ግማሽ ስኳር በሌለው እርጎ ብትተኩት ግን ልዩነቱ ይታያል። ሰናፍጭና የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት ጨምሩበት፤ ማንም አያውቅባችሁም።

«ውስጡ ቀይ ካልሆነ በርገሩ በስሏል»

ቀለም አያስተማምንም። የተፈጨ የበሬ ስጋ ጀርሙ ሳይሞት ቡናማ ሊሆን ይችላል። በደንብ በስሎም ሮዝ መልክ ሊይዝ ይችላል። የሚያስተማምነው ቴርሞሜትር ብቻ ነው። መርፌውን ከላይ ሳይሆን በጎን በኩል አስገቡት፤ ጫፉ መሐል ላይ እስኪደርስ ግፉት። የተፈጨ የበሬ ወይም የበግ ስጋ 160 ፋራናይት፣ ዶሮና ቱርክ በየትኛውም መልክ 165 መድረስ አለበት። ሙሉ ስቴክ ግን 145 ደርሶ 3 ደቂቃ ካረፈ ይበቃል። ልዩነቱ ከመፍጨቱ የመጣ ነው። ስቴክ ላይ ባክቴሪያው የሚኖረው ገጹ ላይ ስለሆነ እሳቱ ይደርስበታል። ሲፈጭ ግን የላዩ ወደ ውስጥ ይገባል።

ዶሮን ማጠብም አያጸዳውም። የሚረጨው ውሃ ጀርሙን እቃ ማጠቢያው ዙሪያና አጠገብ ያለው ሰላጣ ላይ ያደርሰዋል። የሚገድለው ሙቀቱ ነው። ጥሬ ስጋ የመጣበት ሳህንም ሳይታጠብ የበሰለውን አይቀበል።

«በመጀመሪያ በኃይለኛ እሳት መጥበስ ወዙን ይቆልፋል»

ሐሳቡን በ1840ዎቹ ያስፋፋው ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ነው። ስህተት መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። የተጠበሰው ገጽ ጣዕም ይሰጣል እንጂ ውሃ አያግድም፤ ስጋው ላዩ ከጠቆረ በኋላም ሲንጫጫ የምትሰሙት የሚወጣው ውሃ ድምፅ ነው።

«በቆሎና ሀብሐብ ስኳር ናቸው»

መካከለኛ የበቆሎ እሸት ወደ 6 ግራም ስኳር አለው። መካከለኛ ፖም ወደ 19 ግራም አለው። ፖምን ማንም አይፈራም። በቆሎው ቃጫ አለው፤ ለዓይን የሚጠቅሙ ሉቲንና ዚያዛንቲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችም አሉት። የሚያከብደው ከላይ የሚቀባው ቅቤ ነው። በሎሚና በሚጥሚጣ ሞክሩት።

ሀብሐብ 92 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው፤ በ100 ግራም ወደ 6 ግራም ስኳር አለው። ለሙቀት ቀን ከዚህ የተሻለ ጣፋጭ አላውቅም። ብቻ ከመቁረጣችሁ በፊት ልጣጩን እጠቡት፤ ቢላው ከላይ ያለውን ጀርም ወደ ውስጥ ይወስዳልና። ከተቆረጠ በኋላም የ2 ሰዓቱ ሕግ ይመለከተዋል።

ስኳሩን ከፈለጋችሁት ያለው ሌላ ቦታ ነው። አንድ ባለ 355 ሚሊ ሊትር ጣሳ ኮላ 39 ግራም ስኳር አለው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ባርቤኪው ሶስ በብዙ ብራንዶች ከ10 ግራም በላይ አለው፤ ሰው ደግሞ በሁለት ማንኪያ አያቆምም። ሶሱን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ብቻ ቀቡት። የምትጠቀሙት መጠን ይቀንሳል፤ ስኳሩም አያርርም። ለመጠጡ ኪያርና ናና የገባበት ቀዝቃዛ ውሃ በትልቅ ማሰሮ አዘጋጅታችሁ ከሶዳው ፊት አስቀምጡት፤ ልጆች ቅርባቸው ካለው ነው የሚቀዱት።

«ስብ የሌለው የሰላጣ ድሬሲንግ ይሻላል»

ካሮት፣ ቲማቲምና ጎመን ውስጥ ያሉት ካሮቲኖይድ የሚባሉ ጠቃሚ ንጥረ ነገሮች ሰውነት ውስጥ የሚገቡት ከስብ ጋር ነው። ስብ የሌለው ድሬሲንግ ያን ጥቅም ይቀንሳል፤ ብዙ ጊዜም ጣዕሙን ለመተካት ስኳር ይጨመርበታል። ሁለት ማንኪያ የወይራ ዘይት፣ አንድ ማንኪያ አቼቶ፣ ትንሽ ሰናፍጭ በብልቃጥ ከድናችሁ ናጡት። ሰላጣው ላይ የምታፈሱት ግን ሊቀርብ ሲል ይሁን፤ ቀድሞ ከተለወሰ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ የተጠወለገ ሰላጣ ደግሞ ሳይነካ ወደ ቤት ይመለሳል።