«የዘመኑ መሣሪያ» ምንድን ነው? የባሮክ የትንፋሽ ኮንቼርቶዎችን ስለ ማድመጥ

በምዕራባውያን ክላሲካል ሙዚቃ አልበሞች ሽፋን ላይ «በዘመኑ መሣሪያዎች የተቀረጸ» የሚል መግለጫ አዘውትሮ ይታያል። ሐረጉ ወደ አማርኛ ሲመለስ ትንሽ ያሳስታል፤ እኛ «የዘመኑ ልጅ» ስንል የዛሬውን ልጅ ማለታችን ስለሆነ፣ «የዘመኑ መሣሪያ» ሲባልም አዲስ፣ ምናልባትም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነገር በአእምሯችን ይመጣል። እዚህ ላይ ግን «ዘመኑ» የሚለው የአድማጩን ሳይሆን የድርሰቱን ጊዜ ነው። የዘመኑ መሣሪያ ማለት አንድ ሙዚቃ በተደረሰበት ወቅትና አካባቢ ሙዚቀኞች ይጫወቱበት የነበረው ዓይነት መሣሪያ ማለት ነው፤ ለቪቫልዲ የፍሉት ድርሰት የቪቫልዲ ጊዜ ፍሉት፣ ለጀርመናዊው አቀናባሪ ለባኽ የትራምፔት ድርሰት የባኽ ጊዜ ትራምፔት።

መሣሪያው ራሱ የሦስት መቶ ዓመት ዕድሜ ያለው መሆን የለበትም። ቫዮሊን በአግባቡ ከተያዘ ለዘመናት ያገለግላል፤ ከእንጨት የተሠሩ ፍሉትና ኦቦ (በሸምበቆ ልሳን የሚነፋ መሣሪያ) ግን በየቀኑ የተጫዋቹን የትንፋሽ እርጥበት እየጠጡ መልሰው ስለሚደርቁ ውስጣቸው ይጣመማል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃሉ። ስለዚህ በሙዚየም የሚገኙት ጥንታውያን መሣሪያዎች ከሚነፉበት ጊዜ ይልቅ የሚለኩበት ጊዜ ይበዛል፤ ዛሬ በቀረጻዎች የምንሰማቸው አብዛኞቹ የትንፋሽ መሣሪያዎችም ባለሙያዎች ያንን ልክ ይዘው በቅርብ ዓመታት የሠሯቸው ቅጂዎች ናቸው።

ባሮክ የሚባለው ዘመን በጥቅሉ ከ1600 እስከ 1750 እ.ኤ.አ. ያለው ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ኮንቼርቶ ደግሞ አንድ ወይም ጥቂት ብቸኛ ተጫዋቾች ከኦርኬስትራ ጋር የሚመላለሱበት ድርሰት ነው። ኦርኬስትራው አንድ ዜማ ያሰማል፣ ብቸኛው ተጫዋች ተቀብሎ በራሱ መንገድ ይሄዳል፣ ከዚያም ያ የመጀመሪያው ዜማ እንደ ዘፈን አዝማች እየተመለሰ ይገባል። ቬኒስ ውስጥ የኖረው አንቶኒዮ ቪቫልዲ (1678–1741) ወደ 500 የሚጠጉ ኮንቼርቶዎችን ሲጽፍ፣ 39ኙን የሰጠው ማንም ብቸኛ ተጫዋች ይሆናል ብሎ ለማይጠብቀው ለባሱን፣ ለዚያ ወፍራም ድምፅ ላለው ረጅም የእንጨት መሣሪያ፣ ነበር። የአገሩ ልጅ ቶማሶ አልቢኖኒ በ1715 እና በ1722 ያሳተማቸው ሁለት ስብስቦች ኦቦን በኢጣሊያ ኮንቼርቶ ውስጥ ከቫዮሊን እኩል አስቀመጡት። በፕሩሲያ ደግሞ ዮሐን ዮአኪም ክቫንትስ ፍሉት ይወድ ለነበረው ለንጉሥ ፍሬድሪክ 2ኛ ወደ 300 የሚሆኑ የፍሉት ኮንቼርቶዎችን ጽፏል፤ እውነቱን ለመናገር ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ እርስ በርስ በጣም ይመሳሰላሉ።

መሣሪያው ለምን ለውጥ እንደሚያመጣ ለመረዳት ፍሉትን ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። የባሮኩ ፍሉት፣ ትራቨርሶ የሚባለው፣ ከቦክስ እንጨት፣ ከዞጲ ወይም ከዝሆን ጥርስ የሚሠራ፣ ስድስት የጣት ቀዳዳዎችና ለቀኝ እጅ ትንሽ ጣት የምትሆን አንዲት ቁልፍ ብቻ ያሉት ቱቦ ነው። ዋሽንት ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የጣቱ ቆዳ ቀዳዳውን በቀጥታ ይደፍናል፣ በመካከል ምንም ማሽን የለም። ዋሽንት ነፊ ድምፀቱን መለወጥ ሲፈልግ ቁመቱ የተለየ ሌላ ዋሽንት ከከረጢቱ ያወጣል፤ የትራቨርሶ ተጫዋች ግን ሁሉንም ድምፅ ከአንዱ ቱቦ ማውጣት አለበት። ቀዳዳዎቹ በቅደም ተከተል ሲከፈቱ ዲ ሜጀር የሚባለውን ስኬል (የድምፆች መሰላል) ይሰጣሉ። ከዚያ ስኬል ውጭ ያሉትን ድምፆች ለማግኘት ደግሞ ተጫዋቹ አንዱን ቀዳዳ ከፍቶ ከእሱ በታች ያሉትን መልሶ ይደፍናል። በዚህ መንገድ የሚወጣው ድምፅ ልክ ቢሆንም እንኳ በነጠላ ጨርቅ የተሸፈነ ያህል ድፍን ያለ ነው። ቴዎባልድ ቤም በ1847 የሠራው የብረት ፍሉት ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱን ሰፊ ቀዳዳ በመስጠት ይህንን አለመመጣጠን አስወገደው፤ የዛሬው የኦርኬስትራ ፍሉትም የዚያ ልጅ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው አለመመጣጠኑ ጉድለት ነበር ወይስ አይደለም የሚለው ነው። ቪቫልዲ በ1729 ገደማ በአምስተርዳም ካሳተማቸው ስድስት የፍሉት ኮንቼርቶዎች ውስጥ ሦስተኛው በአንዲት ዘማሪ ወፍ ስም «ኢል ጋርዴሊኖ» ይባላል፤ የተጻፈውም ለትራቨርሶ በሚመቸው በዲ ሜጀር በመሆኑ ድምፁ ክፍትና ብሩህ ነው፣ ጣቶቹም ያለ ጭንቀት ይሮጣሉ። ሁለተኛው ግን «ላ ኖቴ»፣ ማለትም «ሌሊቱ»፣ የሚባለው ነው፤ ይህ ጂ ማይነር በሚባለው ሌላ ስኬል የተጻፈ በመሆኑ ዜማው ደጋግሞ የሚያርፈው በእነዚያ በድፍኖቹ ድምፆች ላይ ነው። በውስጡ «መናፍስት» እና «እንቅልፍ» የሚል ርእስ የተሰጣቸው ክፍሎች አሉ። በ«እንቅልፍ» የክር መሣሪያዎቹ ድምፃቸው ታፍኖ ሲጎተት፣ ፍሉቱ ረጃጅም ድምፆችን ይዞ ይቆያል፤ በትራቨርሶ ሲሰማ አንዳንዱ ድምፅ ቀርቦ፣ አንዳንዱ ከግድግዳ ወዲያ ሆኖ ይመጣል። በብረት ፍሉት የሚጫወት ጎበዝ ሙዚቀኛም ይህንን ጨለማ በትንፋሹ ሊፈጥረው ይችላል፤ ልዩነቱ በትራቨርሶ ላይ ጨለማው ከእንጨቱ ራሱ የሚመጣ መሆኑ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ቪቫልዲ ይህንን አለመመጣጠን ሊሸሸው ሳይሆን ሊጠቀምበት አስቦ ነው የጻፈው።

በኦቦና በባሱንም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የባሮክ ኦቦ ሁለት ወይም ሦስት ቁልፍ ብቻ ሲኖረው፣ ከዛሬው ሰፋ ባለ የሸምበቆ ልሳን ስለሚነፋ ድምፁ ከመውጋት ይልቅ ወደ ሰው ጉሮሮ ያደላል። አራት ቁልፍ ያለው ባሱን ደግሞ ታች ሲወርድ ይጎረናል፣ ላይ ሲወጣ ያንጎራጉራል፤ ቪቫልዲም ዜማውን ከታች ወደ ላይ እያዘለለ አንዱን መሣሪያ ሁለት ሰው የሚነጋገር ያስመስለዋል። ከእነርሱ ጋር የሚጫወቱት ቫዮሊኖችም ቁጥራቸው ጥቂት፣ ክራቸውም እንደ በገናችን ክር ከአንጀት የተሠራ በመሆኑ የትንፋሹን ድምፅ አይውጡትም።

የባኽ ሁለተኛው የብራንደንቡርግ ኮንቼርቶ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1721 ለብራንደንቡርጉ መስፍን ከተበረከቱት ስድስት ኮንቼርቶዎች አንዱ የሆነው ይህ ድርሰት ትራምፔትን፣ ሬኮርደርን (ከጫፉ የሚነፋ የእንጨት ፍሉት)፣ ኦቦንና ቫዮሊንን በእኩልነት ያሰልፋል። በዛሬው ትራምፔት ሲጫወቱት ምስኪኑ ሬኮርደር የሚሰማው ማይክሮፎን ሲያግዘው ነው። በባኽ ጊዜ የነበረው ትራምፔት ግን የዛሬውን እጥፍ ያህል የሚረዝም፣ እንደ መለከት ምንም ቁልፍ የሌለው ቱቦ ነው፤ ቁልፎቹ የመጡት በ1810ዎቹ ነው። ድምፁ ለስለስ ያለ በመሆኑ አራቱ ጓደኛሞች በአንድ ማዕድ ይቀመጣሉ። ቱቦው የሚሰጠው የተፈጥሮ ድምፆችን፣ ማለትም በከንፈርና በትንፋሽ ብቻ የሚወጡትን፣ ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ ከታች ሲቆጠር አሥራ አንደኛው ከልኩ የወጣ ስለሆነ ተጫዋቹ በከንፈሩ ጎትቶ ያስተካክለዋል። ብዙዎቹ የዛሬ ተጫዋቾች ለዚሁ ሲሉ በቱቦው ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎችን ያስበጃሉ፤ እነዚህ ቀዳዳዎች በባኽ ጊዜ አልነበሩም። «የዘመኑ መሣሪያ» የሚለው ስም እንግዲህ እዚህ ላይ ትንሽ ይላላል።

ስለ ድምፅ ከፍታም እንዲሁ ነው። በ1939 ለንደን ላይ በተደረገ ዓለም አቀፍ ስምምነት «ኤ» የሚባለው ድምፅ በሴኮንድ 440 ንዝረት እንዲሆን ተወሰነ፤ የባሮክ ቀረጻዎች ግን ብዙውን ጊዜ 415ን ይይዛሉ፣ ይህም በግማሽ ቶን ዝቅ ያለ ነው። እኔም መጀመሪያ ሁለት ቀረጻዎችን አከታትዬ ስሰማ አንደኛው ፋይል የተበላሸ መስሎኝ ነበር። በእርግጥ በዚያ ዘመን አንድ ወጥ ልክ አልነበረም፤ በፈረንሳይ 392 አካባቢ የሚወርድበት፣ በቬኒስ ደግሞ ወደ ዛሬው የሚጠጋበት ጊዜ ነበር። ማሲንቆ ተጫዋች ክሩን ለዘፋኙ ድምፅ እንደሚያስማማ ሁሉ፣ ያኔም ልኩን የሚወስነው የከተማው ኦርጋንና የመሣሪያ ሠሪው ነበር። 415 የዛሬ ሙዚቀኞች ለሥራ እንዲመቻቸው የተስማሙበት ቁጥር ነው።

በዘመኑ መሣሪያዎች የመጫወት እንቅስቃሴ የተጀመረው አርኖልድ ዶልሜች (1858–1940) በእንግሊዝ ሬኮርደርን ከተረሳበት ባነሣበት ጊዜ ሲሆን፣ ለቀረጻ የበቃው ግን በኋላ ነው። ኒኮላውስ ሃርኖንኩርትና ባለቤታቸው አሊስ በ1953 ቪየና ውስጥ ኮንሴንቱስ ሙዚኩስ የተባለውን የሙዚቃ ቡድን አቋቋሙ፤ በ1964 የብራንደንቡርግ ኮንቼርቶዎችን በዘመኑ መሣሪያዎች ቀረጹ። በእነዚያ ዓመታት ቀረጻዎች የሚንሸራተቱ ድምፆች ሞልተዋል፤ ተጫዋቾቹ መሣሪያውን የሚማሩት ከመጻሕፍት ነበርና። ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱ ክቫንትስ በ1752 ያሳተመው የፍሉት መማሪያ ነው፤ ምላስ «ቲ» እና «ዲ» እያለ ድምፁን እንዴት እንደሚከፍት ሳይቀር ያስተምራል። ከዚያ በኋላ ፍራንስ ብሩገን በሬኮርደርና በትራቨርሶ፣ በ1985 ሚላን ላይ የተመሠረተው ኢል ጃርዲኖ አርሞኒኮ የተባለው ቡድንም ከጆቫኒ አንቶኒኒ ሬኮርደር ጋር ነገሩን ከጥናት ክፍል አውጥተው ደም ሰጡት።

ተቺዎችም አሉ። አሜሪካዊው የሙዚቃ ታሪክ ሊቅ ሪቻርድ ታሩስኪን በእነዚህ ቀረጻዎች የሚሰማው ፈጣን፣ ጠራ ያለ አጨዋወት የ18ኛውን ሳይሆን የ20ኛውን ክፍለ ዘመን ጣዕም የሚያንጸባርቅ ነው ሲሉ ተከራክረዋል። በዚያ ዘመን የተቀረጸ ድምፅ ስለሌለ ይህንን ማስተባበል አስቸጋሪ ነው፤ ፍጥነቱና ጌጡ በአብዛኛው ግምት ነው። የቱቦው ስፋትና የቀዳዳው ቦታ ግን ግምት አይደሉም፤ ጂ ማይነር በትራቨርሶ ላይ ድፍን የሚለው የማንም ጣዕም ስለሆነ አይደለም።

መሞከር የሚፈልግ ሰው በአንድ የትራቨርሶ ቀረጻ መጀመሪያ «ኢል ጋርዴሊኖ»ን፣ ወዲያው «ላ ኖቴ»ን ይስማ፤ ከዚያም «ላ ኖቴ»ን ብቻ በዛሬው ፍሉት ይድገመው። በጆሮ ማዳመጫ ቢሆን ይሻላል፤ በታክሲ ሬዲዮ እነዚያ ድፍን ድምፆች ጨርሰው ይጠፋሉ። በ«እንቅልፍ» ክፍል ላይ ጆሮውን ለክሮቹ ሳይሆን ለፍሉቱ ይስጥ፤ ድምፁ ሲለወጥ ተጫዋቹ ከመንፋት ይልቅ ጣቶቹን እያዛወረ መሆኑ፣ ቀረጻው ቀረብ ብሎ የተሠራ ከሆነ፣ ከእንጨቱ ላይ በሚነሣ ትንሽ ኮሽታ ይታወቃል።