«ፌዴሬሽን እንሂድ» እና ሌሎች ስለ ሕገ መንግሥቱ የሚወሩ ስህተቶች

ጠበቃ ነኝ። በሰበር ችሎት፣ ማለትም በመጨረሻው የፍርድ ቤት እርከን ተሸንፎ የወጣ ሰው ቢሮዬ ገብቶ ገና ሳይቀመጥ ምን እንደሚለኝ አውቀዋለሁ። «በቃ፣ አሁን ፌዴሬሽን እንሂድ።» ፌዴሬሽን ምክር ቤትን ማለቱ ነው፤ ከሰበር በላይ ያለ ፍርድ ቤት ይመስለዋል። ስንቴ እንዳስረዳሁ እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። አሁን ግን ሰልችቶኛል፤ ጽፌው የመጣውን ሰው ባስነብበው ይሻለኛል። እግረ መንገዴንም ታክሲ ውስጥና ለቅሶ ቤት የምሰማቸውን ሌሎች ስህተቶች ልንካቸው። ቀላል ቀላሉን ላስቀድም።

«ጠቅላይ ሚኒስትር ከሁለት ዘመን በላይ መቆየት አይችልም።» ይችላል። ገደቡ የተቀመጠው ለፕሬዝዳንቱ ነው። አንቀጽ 70 የፕሬዝዳንቱ ዘመን ስድስት ዓመት ነው፣ ከሁለት ጊዜ በላይም አይመረጥም ይላል። ለጠቅላይ ሚኒስትሩ እንዲህ ያለ ነገር የለም። አቶ መለስ ዜናዊ ከ1987 እስከ 2004 ዓ.ም. በዚያ ወንበር ሲቆዩ የተጣሰ አንቀጽ አልነበረም።

«ጠቅላይ ሚኒስትሩን የመረጠው ሕዝብ ነው።» የመረጠው የተወካዮች ምክር ቤት ነው። ሕዝቡ የሚመርጠው የየአካባቢውን ተወካይ ነው። አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ በመስከረም 2005፣ ዶክተር ዐቢይ አሕመድ መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ አንድም የምርጫ ጣቢያ አልተከፈተም።

«ክልሎች ዘጠኝ ናቸው።» አንቀጽ 47 ላይ የተዘረዘሩት ዘጠኝ ናቸው። ዛሬ ያሉት 12 ናቸው።

«ፕሬዝዳንቱ ካልፈረመ ሕግ አይጸድቅም።» ይቺ ከአሜሪካ ፊልም የመጣች ናት። የእኛን አንቀጽ 57 አንብቡት። ምክር ቤቱ ያወጣው ሕግ ለፊርማ ይቀርባል፤ ፕሬዝዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ይፈርማል። ካልፈረመስ? ሕጉ ያለ ፊርማው ሥራ ላይ ይውላል። አለቀ። ይህን ሳያውቁ የቤት ክርክራቸውን በደብዳቤ ለፕሬዝዳንቱ የሚያመለክቱ ሰዎች አሉ። ፕሬዝዳንቱ የፍርድ ቤት ውሳኔ አይሽርም። የወንጀል ፍርደኛን ይቅርታ ማድረግ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱም በሕግ በተቀመጠው መንገድ ነው።

«አስቸኳይ ጊዜ ከታወጀ መብት የሚባል ነገር የለም።» አለ። ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 እና የእኩልነት መብትን የያዘው አንቀጽ 25 በአስቸኳይ ጊዜም እንደማይታገዱ አንቀጽ 93 በግልጽ ጽፏል። ሜዳ ላይ የሚሆነው ሌላ ነው ትሉኝ ይሆናል። አልከራከራችሁም፤ እኔ የምነግራችሁ የተጻፈውን ነው።

«በአንቀጽ 39 አንድ ክልል ነገ ተነሥቶ መገንጠል ይችላል።» ነገማ አይችልም። ጥያቄው መጀመሪያ በብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማለፍ አለበት። ውሳኔው ከደረሰው በኋላ የፌዴራል መንግሥቱ በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያዘጋጃል። እዚያም አብላጫ ድምፅ ያስፈልጋል። ከዚያ የሥልጣን ርክክብ፣ ከዚያ የንብረት ክፍፍል ይከተላል። አንቀጹን የሚወደውም የሚጠላውም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ንዑስ አንቀጽ 4 ላይ አልደረሰም።

አሁን ወደ ራሴ ሕመም ልምጣ።

«ፌዴሬሽን ምክር ቤት ከሰበር በላይ ያለ ፍርድ ቤት ነው።» አይደለም። እንኳን ከሰበር በላይ ሊሆን፣ ከነጭራሹ ፍርድ ቤት አይደለም። አባላቱ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተወካዮች ናቸው። እያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ወኪል አለው፤ በየአንድ ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ አንድ ይጨመርለታል። የሚመርጧቸው የክልል ምክር ቤቶች ናቸው፣ ወይም በቀጥታ ሕዝቡ እንዲመርጥ ያደርጋሉ። ዋሽንግተን የሚኖረው ወንድሜ «ሴኔታችን» ይለዋል። የአሜሪካ ሴኔት ግን ሕግ ያወጣል፤ የእኛው ሕግ አውጪ አይደለም።

ታዲያ ሰው ለምን እዚያ ይሄዳል? ምክንያቱም ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የተሰጠው ለእሱ ነው። ብዙ አገር ይህ ሥራ የዳኞች ነው። የእኛ ሕገ መንግሥት አርቃቂዎች ግን ሰነዱ የብሔሮችና የሕዝቦች ቃል ኪዳን ስለሆነ ክርክር ሲነሳ የሚፈቱትም እነሱ ናቸው አሉ። እኔን ብትጠይቁኝ ለዳኞች ቢሰጥ እመርጥ ነበር። ግን አልጠየቁኝም።

ቁም ነገሩ «መተርጎም» የምትለው ላይ ነው። ሰበር በሕግ አተረጓጎም ላይ መሠረታዊ ስህተት አለ ወይ ብሎ ያያል። ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደግሞ ሕገ መንግሥቱ ተጥሷል ወይ ብሎ ነው የሚያየው። ምስክሩ ዋሽቷል፣ ደረሰኙ ፎርጅድ ነው፣ ዳኛው አመናጭቆኛል የሚባለውን ማንም እዚያ አይሰማችሁም።

ደግሞ በቀጥታ አትገቡም። በር ላይ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ አለ። 11 አባላት አሉት። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንትና ምክትሉ፣ ስድስት የሕግ ባለሙያዎች፣ ሦስት ደግሞ ከራሱ ከፌዴሬሽን ምክር ቤት ናቸው። ጉባኤው ትርጉም የሚያስፈልገው ነገር ካላገኘ መዝገቡን ይመልሰዋል። በዚህ ቅር ካላችሁ ለምክር ቤቱ ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ። ብዙ ሰው ግን የሚመጣው ያንኑ የሰበር አቤቱታ ርዕሱን ብቻ ቀይሮ ነው።

አንድ ጋሼ ነበሩ፣ በቤት ሽያጭ ውል ተከራክረው ከሥር ፍርድ ቤት እስከ ሰበር ሦስቱም ጋ የተረቱ። ፋይሉን በፌስታል ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ሕገ መንግሥቱ ተጥሷል» አሉኝ። የትኛው አንቀጽ ነው ጋሼ? «አንቀጽ 40፣ የንብረት መብት።» ፋይሉን ገለጥኩት። ክርክሩ በሙሉ ቀሪው ክፍያ ተከፍሏል አልተከፈለም የሚል ነው። አልተከፈለም ብሎ ፍርድ ቤት ካመነ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። ግን ያ የማስረጃ ስህተት ነው፣ የሕገ መንግሥት ጥሰት አይደለም። በንብረት ጉዳይ የተሸነፈ ሰው ሁሉ አንቀጽ 40 ተጥሶበታል ካልንማ ፍርድ ቤት ለምን አስፈለገ? ጋሼ አልተዋጠላቸውም። ሌላ ጠበቃ ያዙ፣ ገንዘብ ከፈሉ፣ መዝገቡም ትርጉም አያስፈልገውም ተብሎ ተመለሰ።

እውነተኛ የሕገ መንግሥት ጉዳይ ምን እንደሚመስል በ1996 ዓ.ም. የተወሰነውን ተመልከቱ። በውርስ ቤት ክርክር አንዲት ወይዘሮ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ፈቃደኛ አይደለሁም ብለው ነበር። ተቃውሟቸው ታልፎ ጉዳዩ ታየ፤ ሰበር ድረስም ሄደው አልተሳካላቸውም። አንቀጽ 34 ግን በሃይማኖት ፍርድ ቤት ለመዳኘት የተከራካሪዎቹ ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። ፌዴሬሽን ምክር ቤት ውሳኔዎቹን ውድቅ አደረገ። ልዩነቱ ታያችሁ? ቤቱ ለማን ይገባል አልተባለም። የተጠየቀው ያለ ፈቃዷ ማን ይዳኛታል የሚለው ነው።

ሌላው በ2012 ዓ.ም. ሁላችንም በቴሌቪዥን ያየነው ነው። በኮቪድ ምክንያት ምርጫው ሲራዘም የተወካዮች ምክር ቤት ዘመን ካለቀ ምን ይሆናል ተባለ። አጣሪ ጉባኤው የሕግ ምሁራንን ጠርቶ አከራከረ፣ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደግሞ ሰኔ 3 ቀን ወሰነ። ውሳኔውን ወደዳችሁትም ጠላችሁትም መንገዱ እንዲያ ነው።

«በ30 ቀን ይወሰናል» የሚል ነገርም ሰምቻለሁ። 30 ቀኑ መቁጠር የሚጀምረው አጣሪ ጉባኤው ጉዳዩን ለምክር ቤቱ ከላከ በኋላ ነው። እናንተ አቤቱታ ካስገባችሁበት ቀን አይደለም።

ስለዚህ ምን ይደረግ? ነጥባችሁ በእውነት የሕገ መንግሥት ከሆነ ገና ከሥር ፍርድ ቤት ጀምራችሁ አንሱት፣ መዝገብ ላይም ይስፈር። ትርጉም ያስፈልገዋል ብሎ ያመነ ፍርድ ቤት ነጥቡን ራሱ ለአጣሪ ጉባኤው መላክ ይችላል። አቤቱታው ላይ የትኛው አንቀጽ፣ በየትኛው ውሳኔ፣ እንዴት እንደተጣሰ በሦስት መስመር መጻፍ ካቃታችሁ ጉዳዩ የለም ማለት ነው። አቤቱታ ማስገባት ብቻውን አፈጻጸም እንደማያቆምም እወቁ። «ፌዴሬሽን ገብቻለሁ» ብሎ ቤቱ ተቀምጦ ሐራጅ የወጣበት ሰው አይቻለሁ። እግድ ለብቻው ነው የሚጠየቀው።

እኔ ጋ የምትመጡ ከሆነ ደግሞ የሦስቱንም ፍርድ ቤቶች ውሳኔ ግልባጭ ይዛችሁ ኑ፤ ማኅተም ያለበትን፣ በስልክ የተነሳ ፎቶ ሳይሆን።