የጠላቂዎች ደወል ሰዓት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የስዊዘርላንድ ፋብሪካዎች ለባሕር ጠላቂዎች የሚሆን፣ ባትሪ የሌለው፣ በሞላ የሚደውል የእጅ ሰዓት ሠርተው ነበር። ዛሬ ሰብሳቢዎች ይሻሙባቸዋል። ስለ እነርሱ የሚነገረው ሁሉ ግን እውነት አይደለም።

«ፈር ቀዳጁ ፖላሪስ ነው»

ዝናው የፖላሪስ ስለሆነ እንጂ ቀዳሚነቱስ የእርሱ አይደለም። የስዊዘርላንዱ ሰዓት ሠሪ ዣገር-ለኩልትር፣ ሜሞቮክስ ከተባሉት የደወል ሰዓቶቹ አንዱ የሆነውን ዲፕ ሲ ያወጣው በ1959 ሲሆን፣ የዚሁ ፋብሪካ ሜሞቮክስ ፖላሪስ ለገበያ የበቃው በ1965 ነው። በመካከሉ፣ በ1961፣ ሌላው የስዊዘርላንድ ፋብሪካ ቩልካን ክሪኬት ኖቲካል የተባለውን ሰዓት አቅርቧል። በዚህኛው ሥራ ስዊዘርላንዳዊው ጠላቂ ሃነስ ኬለር ተሳትፎበታል። ፖላሪስን ያስከበረው ለዘመኑ ግዙፍ የነበረው 42 ሚሊሜትር አካሉና ሦስቱ መሙያዎቹ ይመስሉኛል። አንዱ ለሰዓቱ፣ አንዱ ለደወሉ፣ አንዱ ደግሞ ከመስታወቱ ሥር ያለውን የደቂቃ ቀለበት ለማዞር ነው። በቁጥርስ ቢሆን ዲፕ ሲ ይበልጥ ብርቅ ነው፤ የተመረተው 1,061 ብቻ ነው።

«ውሃ ውስጥ ቢደውል ማን ይሰማዋል?»

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ከአሠራሩ ይገኛል። ሰዓቱን ከሚያስኬደው ሞላ ሌላ ለደወሉ ብቻ የተመደበ ሁለተኛ ሞላ አለ። ቀጠሮው ሲደርስ ይህ ሞላ ይለቀቅና አንዲት ትንሽ መዶሻ ከውስጠኛው የጀርባ ክዳን ጋር የተያያዘችውን ዘንግ በፍጥነት ትደበድባለች። ክዳኑ ይርገበገባል። ውሃ ደግሞ ድምፅን ከአየር በአራት እጥፍ በላይ ፍጥነት ያስተላልፋል። ጠላቂው በጆሮው ባይሰማው እንኳ በእጁ አንጓ ላይ ይሰማዋል።

ለምን አስፈለገ ቢሉ፣ በጥልቀት የታመቀ አየር የሚተነፍስ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ናይትሮጅን ይከማቻል። ከተወሰነለት ደቂቃ ካለፈ በቀጥታ ወደ ላይ መውጣት አይችልም፤ በየእርከኑ እየቆመ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ይኸው ናይትሮጅን በጥልቀት አእምሮን እንደ መጠጥ ያፈዛል። ሰዓት ማየት ሕይወት በሆነበት ቦታ ሰው ሰዓት ማየትን ይረሳል ማለት ነው። ኖቲካል ላይ የመውጫ እርከኖቹ ሠንጠረዥ ከነጭራሹ በሰዓቱ ፊት ላይ የታተመውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ሲባል ግን ደወሉ በደቂቃ ልክ ይነሣል ማለት አይደለም። የደወሉ ጠቋሚ የሚስተካከለው በ12 ሰዓት ዙር ላይ ስለሆነ የጥቂት ደቂቃ መዛነፍ የተፈጥሮ ነው። ሻጩን ለዚህ መውቀስ አይገባም።

«ጀርባው የተቦረቦረ ነው፤ ውሃ ያስገባል»

የፖላሪስን ጀርባ ገልብጦ 16 ቀዳዳ የሚያይ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ቀዳዳዎቹ ያሉት ግን በውጨኛው ክዳን ላይ ብቻ ነው። ማሽኑን ከውሃ የሚጠብቀው ከሥሩ ያለው ድፍን ክዳን ነው። ውጨኛው ክዳን የሚርገበገበውን ብረት ከቆዳና ከጠላቂው ወፍራም የጎማ ልብስ ያርቀዋል፤ ባይኖር ኖሮ እጅ ራሱ ድምፁን ባፈነው ነበር። እንዲህ ያለ ቀዳዳ በብየዳ ተደፍኖ ቢያገኙት ገንዘብዎን ይያዙ።

«300 ሜትር ይቋቋማል፤ ልዋኝበት»

ኖቲካል ሲሠራ 300 ሜትር ይቋቋም ነበር። የጎማ ማሸጊያው ግን ስድሳ ዓመት ደርቋል፤ መሙያው ሥር ያለውም እንዲሁ። እጅ ሲታጠቡ እንኳ ቢያወልቁት ይሻላል።

«ፊቱ ካልበራ ተበላሽቷል፤ ቢታደስ ዋጋው ይጨምራል»

ከሁሉም በላይ ኪሳራ የሚያስከትለው ይህ ነው። በ1960ዎቹ የሚያበራው ቀለም ከራዲየም ወደ ትሪቲየም ተለወጠ፤ ሁለቱም ጨረር አመንጪ ናቸው። የትሪቲየም ኃይል በየ12.3 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በ1968 የተቀባው ዛሬ የቀረው ከሃያ አንድ እጅ ያነሰ ነው። አለመብራቱ የሚጠበቅ ነው፤ አጥርቶ የሚያበራ የዚያ ዘመን ሰዓት ነው ጥርጣሬ የሚያስነሣው። ራዲየም ደግሞ የተለየ ጠባይ አለው። ብርሃኑ የሚጠፋው አብሮት የተቀባው፣ ጨረሩን ወደ ብርሃን የሚለውጠው ዚንክ ሰልፋይድ ስለሚደክም ነው፤ የራዲየሙ ጨረር ግን በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ዓመት ገደማ ይፈልጋል። እንዲህ ያለውን ሰዓት ቤት ውስጥ ከፍቶ ቀለሙን መፋቅ አቧራውን መተንፈስ ነው።

ቢጫ ያዘለ ቀለም፣ ትንሽ የደበዘዘ ፊት፣ ጠርዙ ያልተሞረደ አካል፤ ሰብሳቢው የሚከፍለው ለእነዚህ ነው። ደግ ያሰበ አዳሽ አወልውሎ ሲያስረክብ የዋጋውን ብዙ እጅ አብሮ ያወልቀዋል።

«ፊቱ ላይ ለኩልትር ብቻ ከተጻፈ አስመስሎ የተሠራ ነው»

ለአሜሪካ ገበያ የተላኩት ለኩልትር የሚል ብቻ ይጻፍባቸው ነበር። የአሜሪካው ዲፕ ሲ እንዲህ ነው፤ የአውሮፓው ሙሉ ስሙን ይዟል።

«አውቶማቲክ ከሆነ ደወሉም ራሱን ይሞላል»

በሜሞቮክስ አይደለም። የእጅ እንቅስቃሴ የሚሞላው የሰዓቱን ሞላ ብቻ ነው፤ ደወሉን በመሙያው መሙላት የባለቤቱ ሥራ ነው። ብዙ ሰው «ደወሉ አይሠራም» ብሎ በርካሽ የሚሸጠው ይህን ሳያውቅ ነው።

«የሀብታም ጨዋታ ነው»

ፖላሪስና ዲፕ ሲ፣ አዎ። ነገር ግን በስዊዘርላንዷ ግሬንሸን ከተማ የነበረው የአ. ሺልድ ፋብሪካ ኤኤስ 1475 የተባለ በእጅ የሚሞላ የደወል ማሽን ለበርካታ ትንንሽ ብራንዶች ያቀርብ ነበር። ከእነዚህ ሰዓቶች ውስጥ ለጠላቂ የሚሆን አካል ያላቸው አሉ። ማሽኑ በብዛት ስለተመረተ መለዋወጫ የሚሆን አሮጌ ማግኘት ይቻላል፤ ስሙን ያልሰማ ሰዓት ሠሪም ከፍቶ ሲያየው ሥራው ይገባዋል።