ከስትሮክ በኋላ ወደ መኪና መንዳት መመለስ

ስትሮክ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም በመርጋት ሲታገድ ወይም የደም ሥር ፈንድቶ ሲፈስ የሚደርስ ጉዳት ነው። ከዚህ ያገገመ ሰው እንደገና መኪና መንዳት መቻል አለመቻሉ የሚታወቀው በእጅና በእግሩ ጥንካሬ ብቻ አይደለም። እንዲያውም የእጅና የእግር ድካም ከሁሉ ቀላሉ ችግር ነው ማለት ይቻላል። ቀኝ እግሩ ለሰነፈበት ሰው የነዳጅ ፔዳሉ ወደ ግራ ይዛወርለታል፤ በአንድ እጁ ለሚነዳ መሪው ላይ መጨበጫ ይገጠምለታል፤ አውቶማቲክ ማርሽ ደግሞ ፍሪሲዮን መርገጥን ጨርሶ ያስቀራል።

አስቸጋሪው ላይ ላዩን የማይታየው ጉዳት ነው። አንዳንዱ ሕመምተኛ በሁለቱም ዓይኖቹ አንደኛው ወገን ይጠፋበታል። ሌላው ዓይኑ ደህና ሆኖ ሳለ አንጎሉ አንዱን ወገን ይዘነጋል፤ ይህ በይበልጥ የሚያጋጥመው የአንጎል ቀኝ ክፍል ሲጎዳ ሲሆን የሚዘነጋውም ግራው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ሰዓት እንዲስል ቢጠይቁት 12ቱንም ቁጥሮች በክቡ ቀኝ ግማሽ አጭቆ ሊጽፋቸው ይችላል። ምግቡንም ከሳህኑ ቀኝ በኩል በልቶ ግራውን እንዳለ ይተወዋል። ክፋቱ፣ ብዙ ጊዜ የጎደለ ነገር መኖሩ አይሰማውም። «ደህና ነኝ፣ መንዳት እችላለሁ» ማለቱ ከልቡ ቢሆንም ማስረጃ አይሆንም፤ ከግራ የሚገባውን እግረኛ ቢያየው እንኳ ዘግይቶ ነው።

ቶሎ መድከምና ሐሳብን በአንድ ጊዜ ለብዙ ነገር ማካፈል አለመቻልም አሉ። ጭር ባለ ጎዳና ያልተቸገረ ሰው አደባባይ ላይ ግራ ሊጋባ ይችላል።

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። በብሪታንያ ስትሮክ የደረሰበት የግል መኪና አሽከርካሪ ቢያንስ 1 ወር፣ የአውቶቡስና የከባድ መኪና አሽከርካሪ 1 ዓመት ከመሪ ይርቃል። በአውስትራሊያ ለግል መኪና ዝቅተኛው ጊዜ 4 ሳምንት ነው። ቀኑ መሙላቱ ግን ብቻውን አይበቃም፤ የቀረ ጉዳት ካለ ምርመራ ይከተላል።

ምርመራው የሚጀምረው በእርሳስና በወረቀት ነው፤ ለምሳሌ ቁጥርና ፊደልን እያፈራረቁ በመስመር ማያያዝ። በወረቀቱ ጎበዝ የሆነ ሰው መንገድ ላይ የሚወድቅበት ጊዜ ስላለ፣ የበለጠ ክብደት የሚሰጠው ትርፍ ፍሬን ባለው መኪና ከአሰልጣኝና ከኦኩፔሽናል ቴራፒ (ሕመምተኛው የዕለት ተዕለት ሥራውን መልሶ እንዲችል የሚያግዝ ሕክምና) ባለሙያ ጋር የሚደረገው የመንገድ ፈተና ነው። ያለፈም ሰው አንዳንዴ ፈቃዱ የሚመለስለት በገደብ ነው፦ በቀን ብርሃን ብቻ፣ ከቤቱ ሳይርቅ ወይም በአውቶማቲክ ማርሽ ብቻ።